ከአይከል ቁልቁል

ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወጣው አስፋልት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አይከል ሲደርስ ከፍታው ብዙም አልተለወጠም። የጭልጋ ወረዳ ዋና ከተማ አይከልም እንደ ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት። ለውጡ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። መንገዱ በነጋዴ ባሕር አድርጎ፣ ሸኸዲን አልፎ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ ከፍታው ወደ 700 ሜትር ወርዷል። ጠዋት ጎንደር ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሰው እኩለ ቀን ላይ መተማ ሸሚዙን ፈትቶ ጥላ ይፈልጋል። መኪናውም እንደ እሱው ነው፤ ብርዱን ደጋ ላይ ትቶ ቆላው ውስጥ ይገባል። ከመኪናው አካል ሁሉ ይህን ለውጥ በቀጥታ የሚቀበለው ደግሞ ጎማው ነው።

በዚህ መንገድ ላይ በብዛት የሚታየው ሰሊጥ የጫነ ኢሱዙ፣ ተሳቢ፣ ሚኒባስና ባጃጅ ነው። ሆኖም ዝቅ ያለች፣ ቸርኬዋ የሚያብለጨልጭ፣ ድምጿ ከሩቅ የሚሰማ መኪናም አልፎ አልፎ ታልፋለች። በኢትዮጵያ ስፖርት መኪና ሲባል ፌራሪ ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ባለ 15 ኢንች ቸርኬውን አውልቆ ባለ 17 ያሰረላት ኮሮላ ናት፤ ወይም አሮጌ ጎልፍ፣ ሆንዳ ሲቪክ፣ ሱዙኪ ስዊፍት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ካደረሰው ወዲህ፣ ያለውን መኪና አሳምሮ መያዝ አዲስ ከመግዛት ይቀላል። ማሳመሩ ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእግሩ ነው።

ጥያቄው የሚነሳው መኪናዋ ለብሳው የመጣችው ጎማ ሲያልቅ ነው። ምን ይተካ?

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። 195/65 አር 15 የሚል ጎማ ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር ነው። 65 የሚለው ቁጥር የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ይናገራል፤ ይህም 127 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 15 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ከዚህ ጎማ ይልቅ 205/55 አር 16 ቢታሰር የጎኑ ቁመት ወደ 113 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። 225/45 አር 17 ሲሆን 101፣ 225/40 አር 18 ሲሆን 90 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀራል። አራቱም ግን ከመሬት እስከ አናታቸው ሲለኩ ከ632 እስከ 637 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ስለሚወድቁ የፍጥነት መቁጠሪያው አይዋሽም፤ ጎማውም በቁመቱ ምክንያት ከመከለያው ጋር አይጋጭም። ሻጩ «ልክ ነው፣ ይገባል» ሲል እውነቱን ነው። የሚገባው ግን ብረቱ ሲጨምር ጎማውና በውስጡ ያለው ንፋስ እየቀነሰ ነው። ከ15 ወደ 18 ኢንች የወጣ ሰው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ከነበረው መከታ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ሰጥቷል።

ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። አጭር ጎን ያለው ጎማ መሪ ሲዞር አይንገዳገድም፤ ሹፌሩ የፈለገውን ወዲያው ይፈጽማል። ፒሬሊ በ1970ዎቹ አጋማሽ ፒ7 የተባለውን ጎማ ላንቺያ ስትራቶስ ለተባለችው የራሊ መኪና ሲሠራ፣ ኋላም ፖርሸ 911 ቱርቦ ሲለብሰው፣ ዓለም ያየው ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ አጭር ጎን የፈጣን መኪና መለያ ሆኖ ቀረ።

ዛሬም በዓለም የራሊ ሻምፒዮና የሚወዳደሩት መኪኖች አስፋልት ላይ ባለ 18 ኢንች ቸርኬ ያስራሉ። ጠጠርና ኮረኮንች ላይ ሲሄዱ ግን ያንኑ መኪና ባለ 15 ኢንች ያለብሱታል፤ ጎኑ ረጅም፣ ሥጋው ወፍራም የሆነ ጎማ። ገንዘብ የማይቸግራቸው ቡድኖች፣ የሰከንድ አንድ አሥረኛ የሚቆጥሩ መሐንዲሶች ያሏቸው፣ መሬቱ ሻካራ ሲሆን ትልቁን ቸርኬ ያወልቁታል ማለት ነው። ጎረቤት ኬንያ የሚካሄደውን የሳፋሪ ራሊ ከ1984 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈችው ቶዮታ ሴሊካ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ነበረች። ያን ጭቃና ድንጋይ ያለፈችው ግን ለከተማ አስፋልት በሚታሰር ስስ ጎማ አይደለም።

የአይከል መንገድ አስፋልት ቢሆንም ጠባዩ ግን ድብልቅ ነው። ጠርዙ የተሸረሸረበት ቦታ አለ፤ ክረምት የከፈተው ጉድጓድ አለ፤ ከብት ሲነዳ መንገድ ይለቀቃል፣ ሲለቀቅ ደግሞ ከአስፋልቱ ወደ ጠጠሩ መውረድ አለ። የኢትዮጵያን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ፦ ተበላሽቶ የቆመ ከባድ መኪና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር የተቀረቀረ ድንጋይ፣ መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላም እዚያው መንገዱ መሀል ተቀምጦ የሚቀር። በ90 ሚሊ ሜትር ጎን እንዲህ ያለ ድንጋይ የመታ ጎማ በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ይቆነጠጣል። ውስጡ ያሉት ክሮች ይበጠሳሉ፤ ከቀናት በኋላ ጎኑ ላይ እብጠት ይወጣል። ጎን ላይ የወጣ እብጠት አይጠገንም። ጎሚስታው ሊለጥፍለት አይገባም፤ እሺ የሚል ካለም መታመን የለበትም። ቸርኬውም ከተጣመመ አንዳንዱ በእሳት ሞቆ ይቃናል፤ የአልሙኒየም ቸርኬ ግን ሲሞቅ ጥንካሬውን ያጣል፣ ስንጥቁም ወዲያው አይታይም።

ስለዚህ ጎንደር ተቀምጦ ወደ አይከልና ወደዚያ ማዶ ለሚመላለስ ሰው ምርጫው፣ ቢያምርም ባያምርም፣ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ከተፈቀዱለት ልኮች መካከል ረጅም ጎን ያለውን መያዝ ነው። የፍሬኑ ዲስክ ከፈቀደ ከ18 ወደ 16 መውረድ ውርደት አይደለም። ደግሞም ርካሽ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የውጭ ዕቃ ሁሉ ሲወደድ ጎማም አብሮ ተወዷል፤ በኢንች ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ዋጋው ይዘላል። አገር ውስጥ በ1972 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ በኋላ ማታዶር፣ ከዚያም ሆራይዘን አዲስ የተባለ የጎማ ፋብሪካ አለ። ለስፖርት መኪና የሚፈለገው ሰፊና አጭር ጎማ ግን በአብዛኛው በመርከብ የሚመጣ ነው።

ስፋትን በተመለከተ አንድ የተለመደ እምነት አለ፦ ሰፊ ጎማ መሬቱን በብዛት ስለሚነካ አጥብቆ ይይዛል የሚል። በእርግጥ መሬት የሚነካው ክፍል፣ በእያንዳንዱ ጎማ ከሰው መዳፍ ብዙም የማይበልጠው፣ ስፋቱ የሚወሰነው በዋናነት በመኪናው ክብደትና በንፋሱ ግፊት ነው። ጎማው ሲሰፋ ያ መዳፍ ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ወደ ፊት ደግሞ ያጥራል። በደረቅ ኩርባ ይህ ይጠቅማል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ አስፋልቱ ውሃ ሲያቁር፣ ሰፊው ጎማ ውሃውን ገፍቶ ለማስወጣት ይቸገርና ቀድሞ ይንሳፈፋል። አዲስ ጎማ የሰባት ወይም የስምንት ሚሊ ሜትር ጥርስ አለው፤ አውሮፓ ውስጥ ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ልክ 1.6 ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ከደረሰ ወዲያ ግን እርጥብ መንገድ ላይ የፍሬን ርቀቱ በግልጽ ይረዝማል። ክረምት ሳይገባ መቀየር ማለት እንግዲህ ሰኔ ላይ እንጂ ሕጉ «አልቋል» እስኪል መጠበቅ አይደለም።

ወደ ንፋሱ እንምጣ። እዚህ ላይ የአይከል ቁልቁለት ለመማሪያ መጽሐፍ የሚሆን ነገር አለው።

የንፋስ መለኪያ የሚያሳየው ጎማው ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ግፊት አይደለም፤ በውስጡና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ጎንደር ከፍታ ላይ የውጭው አየር ግፊት ወደ 11.3 ፒኤስአይ ነው፤ መተማ ላይ ወደ 13.5። ጠዋት ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሲሆን ጎንደር ላይ 32 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ መተማ 38 ዲግሪ ጥላ ውስጥ ቆሞ ቢለካ፣ ሙቀቱ ሦስት ተኩል ያህል ይጨምርለታል፤ ከፍታው መቀነሱ ደግሞ ሁለት ያህል ይነሳዋል። መለኪያው 33 ተኩል አካባቢ ያነባል። ሁለቱ ኃይሎች እርስ በርስ ሊጣፉ ምንም አልቀራቸውም። የደጋ ሹፌር ቆላ ወርዶ ጎማውን ቢለካ፣ «ምንም አልሆነም» ብሎ ቢገረም አይፈረድበትም።

ጉዳቱ የሚመጣው ቆሞ ሳይበርድ የለካ እንደሆነ ነው። ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ሜዳውን በፍጥነት ሮጦ የደረሰ ጎማ ውስጡ 65 ዲግሪ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ መለኪያው ያኔ ከ37 በላይ ያሳያል። «በዝቷል፣ በዚህ ሙቀት ይፈነዳል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ይተነፈስና ወደ 32 ይመለሳል። ያ ጎማ በማግሥቱ አይከል ላይ በጠዋቱ ብርድ ቢለካ 27 አካባቢ ይሆናል። ፍንዳታ ፈርቶ ያስተነፈሰ ሹፌር ለፍንዳታ የሚያጋልጠውን ጎማ ይዞ ዳገቱን ይወጣል፤ ምክንያቱም ንፋሱ ያነሰ ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱም የጎማውን ንብርብሮች ያላቅቃል።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2000 እ.ኤ.አ. ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ ሰበሰበ። አብዛኞቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የታሰሩ ነበሩ። ጥርሱ ያለበት ንብርብር ከሥሩ እየተላቀቀ መኪኖቹ ይገለበጡ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ከ270 በላይ ሰዎችን ሞት ከዚሁ ጋር አያይዞታል። አደጋው የበዛው ሞቃት በሆኑት የደቡብ ግዛቶች ነበር። በክርክሩ መሀል ደጋግሞ የተነሳ አንድ ቁጥር አለ፦ ፎርድ ለእነዚያ መኪኖች ያዘዘው ግፊት 26 ፒኤስአይ ነበር፤ ፋየርስቶን ኋላ ላይ 30 ይሁን አለ። የጎማው አሠራርም ድርሻ ነበረው። ቢሆንም ከመተማ ተነፍሶ የሚመለሰው ጎማ የሚሄድበት ግፊት ከዚያ ከታመመው ቁጥር በአንድ ብቻ ይበልጣል።

ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ በበሩ ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት መሠረት ነው። ጎሚስታው «ስንት ልሙላ?» ሲል መልሱ እዚያ ላይ ተጽፎ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ነው፣ አንዱ ለቀላል፣ ሌላው ለሙሉ ጭነት። አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ይዞ ለሚሄድ ሁለተኛው ነው።

ስለ ጭነት ከተነሳ፣ ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው «91 ቪ» ዓይነት ምልክት ችላ ሊባል አይገባም። 91 ማለት ጎማው 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ 94 ከሆነ 670። ፊደሉ የፍጥነት ነው፦ ቲ 190፣ ኤች 210፣ ቪ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ነጋዴ ባሕር አካባቢ 240 የሚሮጥ ሰው የለም፤ ካለም ይህን ጽሑፍ አያነብም። ነገር ግን ፊደሉ ከፍ ባለ መጠን ጎማው ሙቀትን እንዲቋቋም ሆኖ ተሠርቷል ማለት ነው፤ ቆላ ለሚወርድ ሰው የሚጠቅመው ይኸኛው ነው። ከአሜሪካ ደረጃ ጋር የመጣ ጎማ ጎኑ ላይ ሦስት ተጨማሪ ምልክት ይኖረዋል፦ የዕድሜ ቁጥር፣ እርጥብ ላይ የመቆም ደረጃ፣ የሙቀት ደረጃ። በሙቀት «ኤ» ያለውን መያዝ፣ «ሲ» ያለውን መተው ነው። የዕድሜው ቁጥር 200 የሆነ ጎማ ለስላሳና አጥብቆ የሚይዝ ሆኖ ቶሎ ያልቃል፤ 500 የሆነው ይቆያል፣ ኩርባ ላይ ግን እንደዚያኛው አይነክስም። ለዚህ መንገድ በ300 እና በ400 መካከል ያለው ተስማሚ ይመስላል፤ ምክንያቱም በጎማ ላይ መቆጠብም፣ ቁልቁለት ላይ መቆምም የሚፈልግ ያው አንድ ሰው ነው።

አሳሳች ምልክትም አለ። ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ መኪና አንዳንዴ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በመሀሉም የበረዶ ቅንጣት የተሣለበት ጎማ ለብሶ ይገኛል። ተራራ ስላየበት ለሊማሊሞ የተሠራ መስሎት የሚደሰት ሰው ሊኖር ይችላል። ጎማው የበረዶ ነው። ላስቲኩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድም እንዳይደርቅ ለስላሳ ተደርጎ ተቀምሟል፤ መተማ ሲደርስ ይልሞሰሞሳል፣ መሪው ይዘገያል፣ ጥርሱም በአጭር ጊዜ ይላጫል። ደባርቅ ላይ እንኳ በረዶ መንገድ አይሸፍንም።

ከሁሉ ይልቅ ገዢን የሚያታልለው ግን የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ጎማው ጎን ላይ «ዲ.ኦ.ቲ.» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ፤ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመት ናቸው። 3516 የሚል ጎማ በ2016 በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ሳይጠረጥር ያነበበ ሰው «2016፣ ገና አዲስ ነው» ይላል። ቁጥሩ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ጎማው የተሠራው ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነው። ብዙ ዓመት በመጋዘን ወይም በፀሐይ የከረመ ላስቲክ አዲስ ጥርስ ይዞ ይሸጣል። ብዙ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ከሞላው በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ከ10 ዓመት እንዳያልፍ ይመክራሉ።

ያረጀ ጎማ በፈጣን መኪና ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ፣ ወጣቶች በደንብ የሚያውቁት ሰው ታሪክ አለ። ኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የ«ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» ተዋናይ ፖል ዎከር ካሊፎርኒያ ውስጥ በፖርሸ ካሬራ ጂቲ ተሳፍሮ ሳለ ከሹፌሩ ጋር ሞተ። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት ፍጥነት መሆኑን ገለጹ፤ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በሚፈቀድበት መንገድ መኪናዋ ከ129 እስከ 150 ትሮጥ ነበር። የጎማዎቹ ዕድሜ ግን ዘጠኝ ዓመት ነበር፤ ይህም የመኪናዋን አያያዝ ሳያበላሸው እንዳልቀረ በምርመራው ተጠቅሷል። ብዙ ያልተነዳች፣ በጥንቃቄ የተቀመጠች ውድ መኪና ነበረች። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል።

አራቱንም በአንዴ መግዛት ያልቻለ ሰው ሁለት ይገዛል። ኮሮላም ሆነች ስዊፍት በፊት እግሯ ስለምትጎተት ቶሎ የሚያልቀው የፊቱ ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ወደ ፊት ይታሰራል፣ የፊቱ ይጣላል። ልማዱ ይህ ነው፤ የጎማ አምራቾች ምክር ግን ተቃራኒው ነው። አዲሶቹ ከኋላ ይታሰሩ፣ ከኋላ የነበሩት የተሻሉት ወደ ፊት ይምጡ ይላሉ። የፊት ጎማ ሲንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሹፌሩ ፍጥነት ቀንሶ ሊመልሰው ይችላል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ዞሮ ፊቱን ወደ መጣበት ይመልሳል። እርጥብ ቁልቁለት ላይ፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ባዘነበለበት ሰዓት፣ የኋላው ጎማ ቀሎ ስለሚሄድ ይህ ይብሳል። ስለዚህ በዝናብ ወራት ከአይከል ቁልቁል የሚወርድ ሰው ጎሚስታውን ተከራክሮም ቢሆን አዲሶቹን ከኋላ ማሳሰር አለበት።

ስኮርታም አለ። ብዙ ስፖርት መኪኖች የሚይዙት ቀጭኗን፣ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብቻ የተፈቀደላትን ጊዜያዊ ጎማ ነው፤ 60 ፒኤስአይ ካልተሞላች ዋጋ የላትም። አንዳንዶቹ ደግሞ ስኮርታ የላቸውም፤ ንፋስ አልቆበትም በሚሄድ ጎማ ይተማመናሉ። እነዚህ ጎማዎች ባዶ ሆነው በአብዛኛው 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሄዱ የታሰቡ ናቸው። አይከል ላይ የተነፈሰ ጎማ ጎንደር ያደርሳል። ሸኸዲ ላይ የተነፈሰ ግን ጎንደር አያደርስም፤ ልኩም እዚያ አይገኝም። ሙሉ ስኮርታ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ይይዛል፤ ይያዝ።

የነገው ፈጣን መኪና ግን ምናልባት ድምፅ የሌለው ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገር የሚገባው መኪና ኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሆን መንግሥት ከወሰነ ወዲህ፣ የቻይናው ቢዋይዲና ቮልስዋገን አይዲ 4 በአዲስ አበባ ተለምደዋል። አይዲ 4 ከባትሪው ጋር ሁለት ቶን ያልፋል፤ ከኮሮላ ግማሽ በላይ ጭማሪ ነው፤ ሞተሩም ጉልበቱን ገና ሲነካ ሁሉንም ስለሚለቅ ጎማ በፍጥነት ይበላል። ደግሞ የፊቱና የኋላው ጎማ ልኩ አንድ አይደለም። ባለ 20 ኢንቹ ከፊት 235/50፣ ከኋላ 255/45 ያስራል። የፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ዕድሜ ማራዘም አይቻልም፤ አንድ ስኮርታም ለሁለቱም አይሆንም። ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ መኪና የያዘ ሰው ሁለቱንም ልክ፣ ከጭነት ቁጥራቸው ጋር፣ ጎማው ገና አራት ሚሊ ሜትር ጥርስ ሲቀረው ማዘዝ መጀመር ይኖርበታል። ባለ 19 ኢንቹን ማግኘት ከቻለ ደግሞ ከፊት 235/55፣ ከኋላ 255/50 ስለሚያስር በየጎኑ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ተጨማሪ ላስቲክ ያገኛል።